አውሮፕላን ማየት ምን ጥፋት አለው? ከገፈርሳ ሜዳ እስከ ቢሾፍቱ

እስቲ የምሥራቅ አፍሪካን ካርታ ዘርጉና ማስመሪያ ያዙ። አንዱን ጫፍ ቦሌ ላይ፣ ሌላውን ናይሮቢ ላይ አድርጉና ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። መስመሩ ሐዋሳን፣ ዲላንና ይርጋ ጨፌን እየታከከ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ከይርጋ ጨፌ አለፍ ብላ ያለችው ፍስሐ ገነትም ከእሱ ብዙ አትርቅም። እርግጥ አብራሪዎች የሚሄዱት በማስመሪያ አይደለም፤ እንደ አየሩ ጠባይና እንደ በረራ ተቆጣጣሪዎች ትእዛዝ ወዲህ ወዲያ ይላሉ። ቢሆንም በእንሰትና በቡና መሀል ቆሞ ወደ ሰማይ የሚያንጋጥጥ የጌዴኦ ልጅ፣ ሳያውቀው ከአገራችን ዋና ዋና የበረራ መስመሮች በአንዱ ሥር ቆሟል ማለት ነው።

አውሮፕላን ማየት የሚወድ ሰው በዓለም ዙሪያ ሞልቷል። አንዳንዱ ዝም ብሎ ያያል። አንዳንዱ ፎቶ ያነሣል። አንዳንዱ ደግሞ ጅራቱ አካባቢ የተጻፈውን የመለያ ቁጥር እየመዘገበ ደብተር ይሞላል። የኢትዮጵያ አውሮፕላኖች መለያ "ኢቲ" ብሎ ስለሚጀምር ለመለየት አያስቸግርም። እኛ አገር ግን ካሜራ ይዛችሁ ኤርፖርት አጥር ሥር ብትቆሙ፣ "እዚህ ምን ትሠራላችሁ?" መባላችሁ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን መልሱ ሁልጊዜ "ሂዱ" መሆን አለበት? ታሪኩን አብረን እንየው።

ሜዳና ሰው

የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ፈረንሣይ ሠራሹን ፖቴዝ 25 ያበረረው አንድሬ ማዬ የሚባል ፈረንሣዊ ሲሆን፣ ያረፈውም ከከተማዋ በስተምዕራብ በገፈርሳ ሜዳ ላይ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጀርመን ሠራሽ ዩንከርስ ተከተለ። ብዙ ሳይቆይ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሆኑ። በ1928 ዓ.ም. ደግሞ በጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር መሪነት እዚሁ አገር ውስጥ አንድ ትንሽ አውሮፕላን ተሠራ፤ ስሙም "ፀሐይ" ተባለ። ጣሊያን ወስዶት ከሰማንያ ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ በጥር 2016 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሷል።

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ለምን መሰላችሁ? ከገፈርሳ እስከ "ፀሐይ" የሞሉት ሰባት ዓመት እንኳን አይደሉም። አንድ ቴክኖሎጂ አገር ውስጥ ሥር የሚሰደው ዕቃው ስለመጣ ብቻ አይደለም፤ ዕቃውን ቀርቦ የሚያየው፣ "እንዴት ነው የሚሠራው?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሲኖር ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተመሠረተ። የመጀመሪያ በረራውንም መጋቢት 30 ቀን በዚያው ዓመት በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። ቤቱ ያኔ ልደታ ነበር። ዛሬም ሰፈሩን "ኦልድ ኤርፖርት" እያልን የምንጠራው ለዚህ ነው። ልደታን ያስለቀቀው የጄት ዘመን ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ምሕንድስና ታገሡኝ። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው 80 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። አየሩ ሲሳሳ ክንፉ የሚያገኘው ማንሻ ኃይል ይቀንሳል፤ ሞተሩም ይደክማል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ከመሬት ለመነሣት የበለጠ ፍጥነት፣ ፍጥነቱን ለማግኘትም የበለጠ ረጅም ማኮብኮቢያ ይፈልጋል። ልደታ ላይ ደግሞ ማኮብኮቢያውን ማስረዘም አልተቻለም። ቦሌ የተሠራው በዚህ ምክንያት ነው።

አየር መንገዱ ቦይንግ 720 ጄቶቹን ሲረከብ፣ በጥር 1955 ዓ.ም. መጀመሪያ ካበረራቸው መስመሮች አንዱ የትኛው ነበር? አዲስ አበባ–ናይሮቢ። ያ ካርታው ላይ ያሰመራችሁት መስመር።

አጥሩ እንዴት መጣ?

በ1960ዎቹ ዓለም ላይ የአውሮፕላን ጠለፋ በዛ። እኛም ጋ ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. ዋለልኝ መኮንንና ማርታ መብራህቱ ያሉበት ሰባት ወጣቶች ከአዲስ አበባ የተነሣ አውሮፕላን ለመጥለፍ ሞከሩ፤ ሙከራው በውስጥ በነበሩ የጸጥታ ሰዎች ከሸፈ፤ ዋለልኝና ማርታም ከሞቱት መሀል ነበሩ። በአሜሪካ ከጥር 1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እያንዳንዱን መንገደኛ መፈተሽ ግዴታ ሆነ። በ1974 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት "አባሪ 17" የሚባለውን የደኅንነት ደንብ አጸደቀ። ፍተሻው፣ የተከለከለ ክልል የሚባለው፣ የይለፍ ወረቀቱ በየአገሩ እየጠበቀ የሄደው ከዚያ ወዲህ ነው።

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የበረራ ቁጥር 961 ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ተነሣ። አሁንም ያው መስመር። 20 ደቂቃ ገደማ እንደሄደ ሦስት ጠላፊዎች ወደ አውስትራሊያ ካልሄዳችሁ አሉ። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ እንደማይበቃ ቢነግራቸውም አልሰሙትም። ነዳጁ አልቆ አውሮፕላኑ በኮሞሮስ ባሕር ላይ ወደቀ። ከ175ቱ ሰዎች 125ቱ ሞቱ፤ 50ዎቹ ተረፉ።

እነዚህን ሁለት ታሪኮች ጎን ለጎን አስቀምጧቸውና አንድ ነገር ልብ በሉ። በሁለቱም ጠላፊዎቹ ከአጥር ውጭ ቆመው የሚያዩ ሰዎች አልነበሩም። ቲኬት ይዘው በበር የገቡ መንገደኞች ነበሩ። ስለዚህ ትክክለኛው መልስ የበሩ ፍተሻ ነው፤ እሱም በሚገባ ጠብቋል። ከአጥር ውጭ የነበረውስ ተመልካች ምን አደረገ? የ961ን መውደቅ ዓለም ሁሉ ያየው፣ ባሕር ዳር ላይ የነበሩ እንግዶች በቪዲዮ ስለቀረጹት ነው። ያ ፊልም እስከ ዛሬ ውኃ ላይ ስለሚደረግ የግዴታ ማረፍ ሲነገር ይጠቀሳል።

ተመልካቹ ሰላይ ነው?

ይህ ጥያቄ አንድ ጊዜ ፍርድ ቤት ቀርቧል። በኅዳር 2001 እ.ኤ.አ. 12 እንግሊዛውያንና 2 ሆላንዳውያን የአውሮፕላን አድናቂዎች በግሪክ ካላማታ ከተማ፣ የአየር ኃይል ትርኢት ላይ የመለያ ቁጥር ሲመዘግቡ ተያዙ። የግሪክ ፖሊሶች እንዲህ ዓይነት የጊዜ ማሳለፊያ አለ ብለው ማመን አልቻሉም። በሚቀጥለው ዓመት ሚያዝያ ላይ ጥፋተኛ ተባሉ። በኅዳር ግን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በነጻ አሰናበታቸው። አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ሕይወት የተመሰቃቀለው፣ ቆሞ ማየትና መሰለል ስላልተለዩ ነው።

ዛሬ ነገሩ ከዚያም በላይ ግልጽ ነው። አብዛኞቹ ትልልቅ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ያሉበትን ቦታ፣ ከፍታቸውንና ፍጥነታቸውን በ1090 ሜጋኸርዝ ሬድዮ ራሳቸው እየተናገሩ ነው የሚበሩት። ቦታቸውን ብቻ በሴኮንድ ሁለት ጊዜ ያህል ያስተላልፋሉ። መልእክቱ በምሥጢር ቁልፍ የተቆለፈ አይደለም፤ ትንሽ አንቴናና ርካሽ መቀበያ ያለው ሁሉ ይሰማዋል። ምን ያህል ርቀት? በ11 ኪሎ ሜትር ከፍታ የሚበር አውሮፕላን፣ ተራራ ካልጋረደው፣ እስከ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ሊሰማ ይችላል። ከፍስሐ ገነት እስከ ቦሌ በቀጥታ ወደ 330 ኪሎ ሜትር ነው። እንግዲህ አስቡት፦ ከፍ ያለ ኮረብታ ላይ የተተከለ አንድ አንቴና የዲላን ሰማይ ብቻ ሳይሆን፣ አዲስ አበባ ላይ ከፍታ የያዘውንም አውሮፕላን ሊያዳምጥ ይችላል። አውሮፕላኑ ራሱ እየጮኸ የሚናገረውን ነገር አጥር ሥር የቆመ ልጅ በዓይኑ ስላየው ምን ምሥጢር ይወጣል?

ይህ መረጃ ምን እንደሚጠቅም ደግሞ በመራራ መንገድ ተምረናል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የበረራ ቁጥር 302 ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ተነሣና ከስድስት ደቂቃ በኋላ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከሰከሰ። 157 ሰው አለቀ። በዚያው ቀን ፍላይትራዳር24 የሚባለው የበረራ መከታተያ ድርጅት አውሮፕላኑ እንደተነሣ ሽቅብ ቁልቁል ያለ አካሄድ እንደነበረው አሳወቀ። የዚህ ድርጅት መቀበያዎች አብዛኞቹ በዓለም ዙሪያ በጎ ፈቃደኞች ቤታቸው ላይ የተከሏቸው ናቸው። ቀጥሎ አውሮፕላኑ ያስተላለፋቸውን መልእክቶች በሳተላይት የሰበሰበ ሌላ ድርጅት የተሟላውን መረጃ ሰጠ። አካሄዱ ከአምስት ወር በፊት ኢንዶኔዥያ ውስጥ ከወደቀው የላየን ኤር አውሮፕላን ጋር ተመሳሰለ። ካናዳና አሜሪካ ቦይንግ 737 ማክስን በአራተኛው ቀን ያገዱት ጥቁሩ ሣጥን ገና ሳይነበብ፣ ከቦታው ከተገኘው ማስረጃ ጋር ይህን መረጃ ይዘው ነው። ክፍት የሆነ መረጃና የሚመለከት ዓይን ደኅንነትን አልጎዱም፤ አገዙት እንጂ።

የጥበቃው ሥጋትስ?

ሥጋቱ ከንቱ አይደለም። በኅዳር 2002 እ.ኤ.አ. ሞምባሳ ላይ ከኤርፖርቱ ውጭ የነበሩ ሰዎች አንድ የእስራኤል የመንገደኛ አውሮፕላን ሲነሣ ሁለት ሚሳይል ተኩሰው ስተውታል። አብራሪ ዓይን ላይ ሌዘር የሚያበሩ፣ ማኮብኮቢያ አጠገብ ድሮን የሚያስነሡ ሰዎችም አሉ። ጥበቃው "እዚህ ምን ትሠራላችሁ?" ሲል ሥራውን እየሠራ ነው።

ግን ጉዳዩን እንደ ምሕንድስና ችግር እንየው። የጥበቃ ሰው ሥራ እንግዳ ነገርን ከተለመደው ነገር መለየት ነው። ተመልካቾች በየቁጥቋጦውና በየመንገዱ ዳር ከተበተኑ እያንዳንዳቸው እንግዳ ነገር ናቸው። አንድ የታወቀ ቦታ ብትሰጧቸው፣ ካሜራና ጥበቃ ብታደርጉበት፣ ከዚያ ውጭ የሚገኘው ሰው ያን ጊዜ በእርግጥ የሚያጠያይቅ ይሆናል። በዚያ ላይ አውሮፕላን የሚወድ ሰው አካባቢውን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ የተቀደደ አጥር ወይም ያልተለመደ ነገር ሲያይ ቶሎ ይነቃል። በካናዳ ኦታዋ ተመልካቾች ይህን አይተው ለፖሊስ እንዲጠቁሙ ራሱን የቻለ የበጎ ፈቃደኞች ቡድን አላቸው።

ሌሎች አገሮች መመልከቻውን ሠርተውታል። በእንግሊዝ ማንቸስተር ከማኮብኮቢያው አጠገብ መናፈሻ አለ፤ ጡረታ የወጣ ኮንኮርድም ቆሞበታል። በቶኪዮ ሐኔዳ ተርሚናሎች ጣሪያ ላይ ሰው ልጆቹን ይዞ ወጥቶ ያያል። የጀርመኑ ሙኒክ ደግሞ በሰው እጅ የተቆለለ ኮረብታ አለው፤ ሥሩ ካሉት አሮጌ አውሮፕላኖች አንዱ ዲሲ-3 ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሥራ የጀመረው በዚሁ አውሮፕላን ወታደራዊ ወንድም፣ በሲ-47 ነው።

ጊዜው አሁን ነው

ይህን ሁሉ የምጽፍላችሁ ያለፈውን ለማውራት ብቻ አይደለም። በ2018 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ የአዲሱ ትልቅ ኤርፖርት ግንባታ ተጀምሯል። ሲጠናቀቅ አራት ማኮብኮቢያ ኖሮት በዓመት 110 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ታስቧል። ከዚህ መሀል አውሮፕላን ውስጥ ገብቶ የማያውቀው ኢትዮጵያዊ ድርሻው ምንድን ነው? ድምፁን መስማት ብቻ?

ማኮብኮቢያ ሲሠራ ብዙ አፈር ይቆረጣል፤ አፈሩም የሆነ ቦታ መደፋቱ አይቀርም። ከዚያ የተወሰነውን ከአጥሩ ውጭ ቆልሎ፣ ሣር አልብሶ፣ መውጫ ደረጃ ሠርቶ ኮረብታ ማድረግ ከጠቅላላው ወጪ አንጻር ኢምንት ነው። ፕላኑ ላይ ካልገባ ግን በኋላ ቦታ ይጠፋል። መንገዱ፣ መጋዘኑና ሆቴሉ ይቀድሙታል።

ለትንንሾቹ ኤርፖርቶችም ያው ነው። ለጌዴኦ በመኪና መንገድ የሚቀርበው ሐዋሳ ነው፤ ከፍስሐ ገነት በቀጥታ ከመቶ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። የዲላ ወይም የይርጋ ጨፌ መምህር ተማሪዎቹን በአውቶቡስ ጭኖ ቢሄድ የት ያሳያቸዋል? ፊዚክስ ክፍል ውስጥ በጠመኔ የሣለውን ማንሻ ኃይል በዓይናቸው የሚያዩበት፣ አግዳሚ ወንበርና አንድ ገላጭ ሰሌዳ ያለው ጥግ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

እስከዚያው አጥር ላይ አትንጠላጠሉ፤ ድሮን አታስነሡ፤ ጥበቃ ሲጠይቃችሁ በትሕትና መልሱ። ሰማይ ማየትን ግን የሚከለክላችሁ የለም። ደብተር ያዙ፤ ያያችሁበትን ሰዓት፣ አቅጣጫውንና ነጭ ጭስ የመሰለውን ዱካ መኖር አለመኖሩን ጻፉ። ዱካው ጭስ አይደለም፤ ከሞተሩ የወጣው እንፋሎት በብርዱ ወደ በረዶ ቅንጣት ተለውጦ ነው። አንድ ቀን ታዩታላችሁ፣ ሌላ ቀን የለም። ለምን? ከመዝገባችሁ መልሱን ፈልጉ።