ባክስተር ፓርክ

ባክስተር ፓርክ፣ በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ በሜይን ግዛት የሚገኝ፣ ስፋቱ ከ800 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ የተራራና የደን ክልል ነው። የግዛቱ ገዥ የነበሩት ፐርሲቫል ባክስተር፣ ካታዲን የተባለው ተራራ የሕዝብ ርስት ሆኖ እንዲጠበቅ ሸንጎውን ቢማጸኑ ሰሚ ስላጡ፣ ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ፣ ከ1930 እስከ 1962 እ.ኤ.አ. ድረስ፣ መሬቱን በግል ጥሪታቸው ከባለንብረቶቹ በየጊዜው እየገዙ፣ ለዘለዓለም በተፈጥሮ ጠባዩ ይኑር በሚል ውል ለሕዝቡ አበረከቱት፤ ይህም ለደብር ጉልት ከመትከል የማያንስ ምግባረ ሠናይ ነው።

ውሉ ስለ ጸና፣ እስከ ዛሬ በክልሉ ኤሌክትሪክ፣ የቧንቧ ውሃና አስፋልት የለም፤ እንግዳው አብዛኛውን ጊዜ በድንኳን ወይም ፊቱ ክፍት በሆነ የግንድ መጠለያ ያድራል፣ የወንዝ ውሃ አጣርቶ ወይም አፍልቶ ይጠጣል፣ ቆሻሻውንም ይዞ ይመለሳል።

ካታዲን፣ ስሙ በፔኖብስኮት ነገድ ልሳን «ታላቁ ተራራ» ማለት ሲሆን፣ ከፍታው 1,605 ሜትር ነው። ከጆርጂያ ተነሥቶ 3,500 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቀው የአፓላችያን የእግር መንገድ ፍጻሜው በዚሁ ርእሰ ደብር ላይ ነው፤ ወራት የተጓዙ መንገደኞችም ነፋስ ያጠወለገውን የእንጨት ምልክት በእጃቸው ዳስሰው ያለቅሳሉ። ከዚያ ወደ ምሥራቅ «የቢላ ስለት» የተባለው ቋጥኝ ይዘረጋል፤ ስፋቱ በአንዳንድ ስፍራ ከአንድ ሜትር አይበልጥም፣ ግራና ቀኙም ገደል ነው። ስለዚህ ተራራውን የሚወጣ ሰው ገና ሳይነጋ ይነሣ፣ መብራት አይርሳ፣ ደመና ከወረደም ያለ ኀፍረት ይመለስ። ከስድስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ዛፍ ከማይበቅልበት ከፍታ በላይ እንዲወጣ አይፈቀድለትም።