66 ኩፖን፦ ብሪታንያ ቁም ሳጥኗን የፈተሸችባቸው ዓመታት

ከጁን 1941 እስከ ማርች 1949 ድረስ ብሪታንያ ውስጥ ገንዘብ ስላለ ብቻ ልብስ አይገዛም ነበር። ልብስ እንደ ስኳርና እንደ ቅቤ ራሽን ገባ፤ ገዢው ከገንዘቡ ጋር ኩፖን ካላቀረበ ባለሱቁ ካልሲ እንኳ አይሸጥለትም። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይህ ወደ ስምንት ዓመት የተጠጋ የገበያ ገደብ ብዙ ጊዜ ከጦርነቱ ችግሮች እንደ አንዱ ይተረካል። ችግርነቱ እውነት ነው። ነገር ግን በእነዚያ ዓመታት አንድ ሕዝብ ምን ልብስ እንዳለው፣ ካለውም የትኛውን በእርግጥ እንደሚለብስ፣ የሚለብሰውም ስንት ዘመን እንደሚያገለግለው ቆጥሮ ለማወቅ ተገደደ። ቆጠራው ደግሞ በሰላሙ ጊዜ ተሸፍኖ የኖረውን የሀብታምና የድሃ ልዩነት ገልጦ አሳየ።

የራሽኑ መነሻ የሰው ኃይልና የመርከብ እጥረት ነው። ጥጡም ሱፉም በአብዛኛው ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ሲሆን፣ የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች በአትላንቲክ ላይ የጭነት መርከቦችን እያሳደዱ ያሰጥሙ ነበር። የተረፈው የመርከብ ቦታ ለእህልና ለጦር መሣሪያ ተፈለገ። ፋብሪካዎች ለሠራዊቱ የደንብ ልብስ፣ ድንኳንና ፓራሹት ማምረት ነበረባቸው፤ ከሕዝቡ አንድ አራተኛ ያህሉ የአንድ ወይም የሌላ ዓይነት የደንብ ልብስ የሚገባው ሆኖ ነበር። ለሲቪሉ ገበያ የሚሰፉት እጆችም ወደ ጥይትና አውሮፕላን ፋብሪካ እንዲዛወሩ ተፈለገ። ዕቃው ሲያንስ ዋጋው ሰማይ ይነካል፤ ዋጋው ሲወጣ ባለገንዘቡ ይሰበስበዋል፣ ሌላው ባዶ እጁን ይቀራል። የንግድ ቦርድ የተባለው መሥሪያ ቤት ፕሬዚዳንት ኦሊቨር ሊትልተን ይህን ለማስቆም በኩፖን ማደልን አቀረቡ። ጠቅላይ ሚኒስትር ቸርችል ሕዝቡ ቡትቶ ለባሽ ይሆናል ብለው ሐሳቡን ጠሉት። ሊትልተን በኋላ በማስታወሻቸው እንደተረኩት፣ ቸርችል በመጨረሻ እሺ ያሉት ቢስማርክ የተባለችውን የጀርመን የጦር መርከብ በማሳደድ በተጠመዱበት ሰዓት ነው።

ምስጢሩ እስከ መጨረሻው ተጠበቀ። ወሬው አስቀድሞ ቢወጣ ሱቆች በአንድ ቀን ይራቆቱ ነበርና፣ አዲስ የኩፖን ደብተር አሳትሞ ማደል እንኳ አልተሞከረም። ለመጀመሪያው ጊዜ ያገለገሉት በምግብ ራሽን ደብተሩ ላይ ሳይነኩ የቀሩ 26 የማርጋሪን ኩፖኖች ናቸው። አዋጁ በሬዲዮ የተነገረው እሑድ ጁን 1 ቀን 1941 ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ግንቦት 24 ቀን 1933 መሆኑ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ ከገቡ ገና ወር አልሞላም። ዕለቱ የምዕራባውያን ጰራቅሊጦስ ስለነበር ሱቆች ዝግ ነበሩ፤ በማግስቱ ሰኞም በዓል በመሆኑ ባለሱቆች አዲሱን ሕግ የሚያጠኑበት አንድ ቀን አገኙ። ግን ቀኑ ሌላም ትርጉም ነበረው። በሰሜን እንግሊዝ፣ በተለይ በማንቸስተርና በአካባቢው፣ ጰራቅሊጦስ የልጆች አዲስ ልብስ በዓል ነበር። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ የሚል ሕዝብ ስሜቱን ያውቀዋል። ለብዙ የሠራተኛ ቤተሰብ በዓመት አንዴ አዲስ ልብስ የሚገዛው ለዚያ ቀን ነበር፤ በዚያው ቀን ግዢው ገደብ ተጣለበት።

ድርሻው ለአንድ ሰው በዓመት 66 ኩፖን ሆነ። ምን እንደሚገዛ ለማየት የአንድን ወንድ ሒሳብ መሥራት ይበቃል። ካፖርት 16 ኩፖን ይወስዳል። ሙሉ ልብስ ከፈለገ ኮቱ 13፣ ሰደርያው 5፣ የሱፍ ሱሪው 8 ነው፤ በድምሩ 26። ጫማ 7። እስካሁን 49 ሄደ። ሁለት የጥጥ ሸሚዝ በ5፣ በ5 ሲገዛ 59 ይደርሳል። ሁለት ጥንድ ካልሲ በ3፣ በ3 ሲጨመር 65፤ የቀረችው አንዲት ኩፖን ከረባት ትገዛለች። የዓመቱ ግዢ በዚህ ያልቃል። ለሴቶች ካፖርት 14፣ የሱፍ ቀሚስ 11፣ የጥጥ ቀሚስ 7፣ ጫማ 5፣ አንድ ጥንድ ስቶኪንግ 2 ነበር። ልጆች ቶሎ ስለሚያድጉ የልጆች ልብስ በአነስተኛ ኩፖን ይሸጥ ነበር። ባርኔጣ፣ የስፌት ክርና አሮጌ ልብስ ከራሽን ውጭ ሆኑ። ድርሻው ግን በ66 አልቆየም፤ በ1942 ወደ 48፣ በ1943 ወደ 36 ወረደ። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ከሴፕቴምበር 1945 እስከ ኤፕሪል 1946 ላሉት ስምንት ወራት የተሰጠው 24 ብቻ ነው፤ በወር ሦስት ኩፖን ማለት ነው።

እንዲህ ባለው ሒሳብ ማንም ሰው ቁም ሳጥኑን ሳይከፍት ገበያ አይወጣም። ካፖርቱ ሌላ ክረምት ይችላል ወይ? ሸሚዞቹ ስንት ናቸው፣ ኮሌታቸው አልነተበም ወይ? በሰላሙ ጊዜ ዓይን የገባውን መግዛት የለመደ ሰው መጀመሪያ ያለውን፣ ቀጥሎ የጎደለውን ማወቅ ነበረበት። መንግሥትም ለራሱ ይህንኑ ያደርግ ነበር። የንግድ ቦርድ ሰዎች ኩፖናቸውን በምን ላይ እንዳዋሉት፣ በቤታቸውም ምን ልብስ እንዳለ በየጊዜው ያስጠይቅ ጀመር። ከዚያ በፊት አንድ የብሪታንያ ቤተሰብ በእርግጥ የሚለብሰው ስንት እንደሆነ ብዙም የሚጠይቅ አልነበረም፤ ለነጋዴው የሚያስፈልገው የተሸጠው ቁጥር ብቻ ነበርና።

እዚህ ላይ የእኩልነቱ ጉድለት ታየ። ኩፖን ለሁሉም እኩል ይታደላል፤ ቁም ሳጥን ግን እኩል አይደለም። ጦርነቱ ሲጀመር ባለጸጋው ጥሩ ሱፍ፣ በልክ የተሰፋ ካፖርት፣ በርካታ ጫማ ነበረው፤ አዲስ ሳይገዛ ዓመታት መዝለቅ ይችላል። በሌላ በኩል አንዲት የእሑድ ሙሉ ልብስ ብቻ ያለው፣ እሷንም ሰኞ ለመያዣ ሰጥቶ ተበድሮ ቅዳሜ የሚያስመልስ ሠራተኛ ነበር። ኩፖኑ ደግሞ ለርካሹም ለውዱም እኩል ነው። ድሃው በ7 ኩፖን የገዛው ጫማ በጥቂት ወር ተቀዶ ሌላ 7 ይጠይቀዋል፤ ሀብታሙ በዚያው 7 የገዛው ጫማ ሶሉ እየተቀየረ ዓመታት ያገለግለዋል። ዋጋው የከበዳቸው ቤተሰቦች ኩፖናቸውን እንኳ መጨረስ አልቻሉም፤ ሕጉ ቢከለክልም የሸጡት አሉ። በእኩል ማከፋፈል ብቻውን ፍትሕ እንደማያመጣ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል። የቦርዱ ሰዎች ይህን ተረድተው መፍትሔ መፈለጋቸው የራሽኑ ታሪክ እጅግ የሚከበርበት ክፍል ነው።

መፍትሔው ዩቲሊቲ የተባለው ዕቅድ ሆነ። ከ1941 መጨረሻ ጀምሮ መንግሥት የጨርቁን ጥራት በዝርዝር ደንግጎ፣ የልብሱን ዋጋ ወስኖ፣ ፋብሪካዎች በብዛት እንዲያመርቱ አደረገ። ምልክቱ ሬጂናልድ ሺፕ የነደፈው CC41 የሚል ጽሑፍ ነው፤ ሁለቱ ክብ ፊደላት አንድ ቁራሽ የተቆረጠለት አይብ ስለሚመስሉ ሕዝቡ ምልክቱን በአይብ ስም ይጠራው ነበር። ከ1942 ጀምሮም ዩቲሊቲ ልብስ ከግዢ ታክስ ነጻ ሆነ። ስለዚህ አነስተኛ ገቢ ያለው ሰው በኩፖኑ ቶሎ የማይበላሽ ልብስ ማግኘት ቻለ። ሕዝቡ መጀመሪያ ሁላችንንም አንድ ዓይነት የደንብ ልብስ ሊያስለብሱን ነው ብሎ ሠጋ። ስለዚህ ቦርዱ የለንደንን ስመ ጥር ነዳፊዎች ጠርቶ ናሙና አሠራ፤ ከነዚህ ውስጥ የቤተ መንግሥቱ ልብስ ሰፊ ኖርማን ሃርትኔል፣ ሃርዲ ኤሚስ፣ ዲግቢ ሞርተንና ኤድዋርድ ሞሊኖ ይገኛሉ። ለመኳንንት ይሰፉ የነበሩ እጆች ለፋብሪካ ሠራተኛ ቀሚስ ነደፉ። ከናሙናዎቹ የተወሰኑት ዛሬ በለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛሉ። ሲታዩ ትከሻቸው ቀጥ ያለ፣ ወገባቸው ጠበብ ያለ፣ ጉርዳቸው አጠር ያለ ነው፤ ጨርቅ አልባከነባቸውም፣ ውበትም አልጎደለባቸውም።

ስፌቱንም የሚቆጣጠር ሌላ ሕግ በ1942 ወጣ። የወንድ ኮት በሁለት ረድፍ ቁልፍ እንዳይሰፋ፣ የኪስ ቁጥር እንዲወሰን፣ በእጅጌ ላይ ለጌጥ የሚደረደሩ ቁልፎች እንዲቀሩ ታዘዘ። በሴቶች ቀሚስ ላይ ጥልፍ ተከለከለ፣ የሽንሽንና የቁልፍ ቁጥር ተቆጠረ። ወንዶቹን እጅግ ያስቆጣው ግን ወደ ውጭ የሚታጠፈው የሱሪ ጫፍ መከልከሉ ነው። ብዙዎች ረዘም ያለ ሱሪ ገዝተው ቤት ውስጥ ያስታጥፉት ነበር። በወቅቱ ቦርዱን የያዙት ሂዩ ዶልተን አጥብቀው ቢከራከሩለትም፣ የወንዶቹ ክልከላ በ1944 መጀመሪያ ተነሣ።

በ1943 የንግድ ቦርድ ያለውን ስለማብቃቃትና ስለመጠገን አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ፤ መቅድሙን የጻፉት ዶልተን ናቸው። በየሰፈሩም ሴቶች መርፌና መቀስ ይዘው የሚሰበሰቡበት ትምህርት ተከፈተ። ትምህርቱ የሚጀምረው ካለው ልብስ ነው፦ ብል እንዳይበላው ታጥቦና ተቦርሾ ማስቀመጥ፣ ቀዳዳው ሳይሰፋ መጥቀም፣ ክርንና ጉልበት ገና ሳይሳሳ ከውስጥ ጨርቅ መደገፍ። ቀጥሎ የማይለበሰው ይመጣል። ሰውየው ጦር ሜዳ ሄዶ ሙሉ ልብሱ ከተሰቀለ፣ ተፈትቶ ለሚስቱ ኮትና ጉርድ ይሆናል። ሰፊው የጎልፍ ሱሪ ለተማሪ ልጅ ሁለት ቁምጣ ይወጣዋል። መሐሉ የሳሳ አንሶላ ከቁመቱ ተቀዶ ዳርና ዳሩ መሐል ላይ ይጋጠማል፤ የደከመው ወደ ጠርዝ ይሄዳል፣ ያልተነካው ወደ ተኚው ይመጣል። ኮሌታው የነተበ ሸሚዝ፣ የአዲስ አበባ ልብስ ሰፊዎችም ዘንድ እንደሚደረገው፣ ኮሌታው ተፈትቶ ይገለበጣል። የውስጡም ካለቀ፣ ሱሪ ውስጥ ከሚገባው የሸሚዙ ጅራት ላይ ለአዲስ ኮሌታ የሚሆን ይቆረጥና በምትኩ ሌላ ማንኛውም ጨርቅ ይቀጠላል፤ ማንም አያየውምና። ሹራብ ይተረተራል፣ ክሩ ወንበር ላይ ተጠምጥሞ ይታጠባል፣ ጭምድዱ ሲለቅ ለልጅ ዳግመኛ ይሠራል። ይህ ሁሉ ድካም በሴቶች ላይ መውደቁ መነገር አለበት። ብዙዎቹ ቀን ፋብሪካ ውለው፣ ራት አቅርበው፣ ከዚያ በኋላ መርፌ የሚያነሡ ነበሩ። ለድሃ ሴቶች ደግሞ መጽሐፏ አዲስ ነገር አልነገረቻቸውም፤ ከእናቶቻቸው ጀምሮ ሲያደርጉት የኖሩት ነው። ተፈትቶ ሌላ የሚሠራበት ጥሩ የሱፍ ሙሉ ልብስም በቤታቸው አልነበረም።

የልጆች ነገር በመርፌ ብቻ አይፈታም፤ እግር እያደገ ጫማ አይጠብቅም። የሴቶች የበጎ ፈቃድ አገልግሎት የተባለው ማኅበር የልጆች ልብስ መለዋወጫ ማዕከሎች ከፈተ። እናት የጠበበውን ልብስና ጫማ አምጥታ፣ በሚገመትላት ነጥብ ለልጇ ልክ የሚሆነውን ይዛ ትሄዳለች። ስቶኪንግ ያጡ ሴቶች እግራቸውን በሻይ ወይም በመረቅ ማቅለሚያ ቀብተው፣ ከባት በስተኋላ የስፌቱን መስመር በቅንድብ እርሳስ ያስሰምሩ ነበር። ለፋብሪካ ሥራ የተለመደው ሱሪና የራስ ሻሽ ወደ መንገድም ወጣ፤ በፊት አደባባይ የማይለበሰው፣ ያለው እሱ ብቻ ስለሆነ ተለበሰ።

ጦርነቱ በ1945 አበቃ፤ ራሽኑ ግን ቀጠለ። አገሪቱ ዕዳዋን ለመክፈል የምትሸምነውን ወደ ውጭ መሸጥ ነበረባት። ሕዝቡ በድል ማግሥት ኩፖን መቁጠሩ ከጦርነቱ ጊዜ ይልቅ መረረው። በፌብሩዋሪ 1947 ክርስቲያን ዲዮር ፓሪስ ላይ ብዙ ሜትር ጨርቅ የሚጨርስ ሰፊና ረጅም ጉርድ ሲያሳይ፣ በለንደን የንግድ ቦርዱ ፕሬዚዳንት ስታፎርድ ክሪፕስ ብክነት ነው ብለው ተቃወሙ፤ ለዓመታት በአጭር ጉርድ የኖሩት ሴቶች ግን ወደዱት። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ልዕልት ኤልሳቤጥ ስታገባ የሃርትኔል ቀሚሷም ኩፖን ይጠይቅ ነበር። ሴቶች ከየአካባቢው የራሳቸውን ኩፖን በፖስታ ላኩላት፤ ኩፖን ለሌላ ሰው ማስተላለፍ በሕግ ስለተከለከለ ለላኪዎቹ ተመለሰ።

የልብስ ራሽን በማርች 1949 አጋማሽ ተነሣ፤ አዋጁን የተናገሩት የንግድ ቦርዱ ፕሬዚዳንት፣ ኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ሃሮልድ ዊልሰን ናቸው። ዩቲሊቲ ምልክቱ ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ በ1952 ቀረ። ከእሱም ጋር የጨርቁን ጥራት መንግሥት የሚደነግግበት፣ ለአነስተኛ ገቢ ሰው የሚበረክት ልብስ በተወሰነ ዋጋ የሚቀርብበት ሥርዓት አብሮ ቆመ።