የሲቪ ጆይንት ፍተሻና ጥገና፦ ባለንብረቶችና አሽከርካሪዎች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

ሲቪ ጆይንት ከካምቢዮ የሚወጣውን ኃይል ወደ ጎማ በሚያደርሰው ዘንግ ጫፎች ላይ የሚገኝ መገጣጠሚያ ነው። መሪ ሲዞርም ሆነ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ጎማው በእኩል ፍጥነት መሽከርከሩን እንዲቀጥል ያስችላል። እንደ ቪትዝና ያሪስ ባሉ፣ የሞተሩ ኃይል ወደ ፊት ጎማ በሚሄድባቸው አውቶሞቢሎች፣ በእያንዳንዱ የፊት ጎማ በኩል ሁለት መገጣጠሚያዎች አሉ፤ አንዱ በጎማው፣ ሌላው በካምቢዮው በኩል። የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎችም ይኸው ክፍል አላቸው።

የጉዳቱ መነሻ

መገጣጠሚያው በግራሶ ተሞልቶ በጎማ ሽፋን ይጠበቃል። ሽፋኑ ሲቀደድ ግራሶው ይወጣል፤ አቧራና ውኃ ይገባል። ከሞጆ ወደ መቂ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ዓለም ጤናና በሌሎች የስምጥ ሸለቆ ከተሞች፣ አስፋልቱን ለቅቀው ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚገቡ ተሽከርካሪዎች በበጋ ደቃቅ አቧራና አሸዋ፣ በክረምት ጭቃ ያጋጥማቸዋል። በመሆኑም ሽፋንና ግራሶ በመቀየር የሚያበቃው ወጪ፣ ችላ ከተባለ መገጣጠሚያውን ወይም ሙሉ ዘንጉን ወደ መግዛት ያድጋል።

በባለንብረቱ የሚደረግ ፍተሻ

1. ተሽከርካሪውን ሜዳ ላይ አቁሞ፣ ሞተር አጥፍቶና የእጅ ፍሬን ይዞ መሪውን እስከ መጨረሻው ማዞር፤
2. ሽፋኑ መሰንጠቁን፣ ፋሸታው መላላቱን፣ በቸርኬው ውስጠኛ ክፍል ግራሶ መረጨቱን ማየት፤
3. ሰውና ተሽከርካሪ በሌለበት ስፍራ መሪውን አጥፎ በዝግታ በክብ መንዳት። «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ከተሰማ በጎማው በኩል ያለው መገጣጠሚያ ሳይበላ አይቀርም። ነዳጅ ሲሰጥ የሚሰማ ንዝረት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ውስጠኛው ያመለክታል።

ጥገና

ሽፋኑ ተቀድዶ ድምፅ ካልተሰማ፣ መገጣጠሚያው ተፈትቶና ታጥቦ ከተመረመረ በኋላ አዲስ ሽፋን፣ ፋሸታና ለሲቪ ጆይንት የተዘጋጀ ግራሶ ይደረግለታል። ተራ ግራሶ መጠቀም ወይም ሽፋኑን በፕላስተር መጠቅለል መፍትሔ አይሆንም። ድምፅ ካለ መገጣጠሚያው መቀየር አለበት፤ ግራሶ መጨመር የተበላውን ብረት አይመልስም። መለዋወጫ ሲገዛ የዘንጉ ጥርሶች ቁጥር ከአሮጌው ጋር እኩል መሆኑ ይረጋገጥ። ሥራው በክሪክ ብቻ በተነሣ ተሽከርካሪ ሥር ሊከናወን አይገባም፤ የብረት መደገፊያ ያስፈልጋል። የዘንጉ ዳዶም አምራቹ ባስቀመጠው ልክ ሊጠብቅ ይገባል።

በጉዞ ላይ ቢሰበር

መገጣጠሚያው ከተሰበረ ሞተሩ እየሠራ ተሽከርካሪው መሄድ ሊያቆም ይችላል። በዚህ ጊዜ ማርሽ ማስገባት ብቻውን ተሽከርካሪውን ላይይዝ ስለሚችል የእጅ ፍሬን መያዝ፣ ለጎማው ታኮ ማድረግና የማስጠንቀቂያ ምልክት ማስቀመጥ ይገባል። ለታኮ ያገለገለው ድንጋይ ከመንገዱ ላይ ይነሣ።

በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪዎች በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ ያደርጋሉ። ይሁን እንጂ ሽፋን ከምርመራ በኋላ በማናቸውም ጊዜ ሊቀደድ ስለሚችል፣ ባለንብረቶች የቦሎ ወቅትን ሳይጠብቁ ዘይት በሚቀየርበት ጊዜ ሁሉ እንዲያስፈትሹ ይመከራል።