የመኪና ቁልፍ

የመኪና ቁልፍ የተሽከርካሪን በር ለመክፈትና ለመቆለፍ እንዲሁም ሞተሩን ለማስነሳት የሚያገለግል መሣሪያ ነው። እስከ 1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ድረስ ጥርስ የወጣለት ብረት ብቻ ነበር። ዛሬ በብዙ መኪኖች ላይ ሁለት ነገሮችን የያዘ ነው፦ መቆለፊያውን የሚያዞረው ብረት፣ እና በፕላስቲክ እጀታው ውስጥ ተቀብሮ ለመኪናው ኮምፒውተር ማንነቱን የሚያስረዳ ቺፕ። ቁልፍ ሲጠፋ የሚወጣው ወጪና የሚፈጀው ጊዜ በአብዛኛው የሚወሰነው በዚህ ልዩነት ነው። ብረቱን ቁልፍ ቀራጭ በደቂቃዎች ውስጥ ያወጣዋል፤ ቺፑን ግን መኪናው ራሱ ሊያውቀው ይገባል።

ስያሜ

በአማርኛ «ቁልፍ» የሚለው ቃል ብዙ ሥራ አለበት። በር የሚከፈትበትም፣ የሸሚዝ ማያያዣውም፣ መካኒክ ብሎን የሚፈታበትም መሣሪያ ቁልፍ ይባላል። በኮምፒውተር ሳይንስ ደግሞ መልእክት የሚመሰጠርበት ቁጥር ቁልፍ ነው። በዚህ ጽሑፍ «ቁልፍ» የሚለው በእጅ የሚያዘውን ዕቃ፣ «መቆለፊያ» ቁልፉ የሚገባበትን፣ «ምስጢር ቁጥር» ደግሞ ቺፑ ውስጥ ያለውን ቁጥር ያመለክታል። ቺፑን ካላወቀ ሞተሩ እንዳይነሳ የሚከለክለው ሥርዓት ኢሞቢላይዘር ይባላል።

ታሪክ

የመጀመሪያዎቹ መኪኖች የሚነሱት ከፊት በኩል በሚገባ የእጅ ማዞሪያ ብረት ስለነበር ጉልበት እንጂ ቁልፍ አያስፈልጋቸውም ነበር። አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ የሠራው የኤሌክትሪክ ማስነሻ (በእኛ ጋራዦች አጠራር ሞተሪኖ) በ1912 (እ.ኤ.አ.) የካዲላክ ሞዴል ላይ ተገጠመ። ቁልፍ በማዞር ብቻ ሞተር ማስነሳት የተለመደው ክራይስለር በ1949 (እ.ኤ.አ.) ካስተዋወቀው በኋላ ነው።

ጄኔራል ሞተርስ በ1986 (እ.ኤ.አ.) የኮርቬት ሞዴሉ ቁልፍ ላይ አነስተኛ ሬዚስተር ገጠመ። መኪናው የሬዚስተሩን መጠን ለክቶ ትክክል ካልሆነ አይነሳም ነበር። ይሁንና የነበሩት የሬዚስተር ዓይነቶች 15 ብቻ ስለሆኑ፣ አሥራ አምስቱን የያዘ ሌባ በየሙከራው ጥቂት ደቂቃ እየጠበቀም ቢሆን ውሎ አድሮ ማግኘቱ አይቀርም።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በአውሮፓ ነው። በ1995 (እ.ኤ.አ.) በወጣ መመሪያ መሠረት ከጥቅምት 1998 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት የሚሸጥ አዲስ የቤት መኪና ሁሉ ኢሞቢላይዘር እንዲኖረው ግዴታ ሆነ። አውስትራሊያ በ2001፣ ካናዳ በ2007 (እ.ኤ.አ.) ተከተሉ። አሜሪካ ግን አላስገደደችም። የዚህም ውጤት በ2021 እና 2022 (እ.ኤ.አ.) ታየ፦ ኢሞቢላይዘር ያልተገጠመላቸው ብዙ የኪያና የሃዩንዳይ መኪኖች በወጣቶች መሰረቃቸው በማኅበራዊ ሚዲያ እንደ ጨዋታ ተስፋፋ። እነዚሁ ኩባንያዎች በአውሮፓ የሚሸጧቸው መኪኖች ግን ቺፑ ነበራቸው።

ይህ የሩቅ አገር ሕግ ለኢትዮጵያ አንባቢም ጉዳይ ነው። ወደ ሀገራችን የገቡት ያገለገሉ መኪኖች መጀመሪያ የተሸጡት በተለያዩ ገበያዎች ነው። ያሪስ በአውሮፓ መሸጥ የጀመረው በ1999 (እ.ኤ.አ.)፣ ማለትም ሕጉ ከጸና በኋላ ስለሆነ፣ ለአውሮፓ የተሠራ ያሪስ ሁሉ ኢሞቢላይዘር አለው። ሕጉ በሌለበት ገበያ የተሸጠ ተመሳሳይ መኪና ግን ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ አንድ ሰፈር የሚያድሩ፣ በመልክም በቀለምም የማይለዩ ሁለት መኪኖች ቁልፋቸው ሲጠፋ ፍጹም የተለያየ ችግር ያመጣሉ። «የጎረቤቴ ወዲያው ተቀርጾለት የለ?» የሚለው ንጽጽር ብዙ ጊዜ የማይሠራው ለዚህ ነው።

ቺፑ እንዴት ይሠራል

በማስነሻው መቆለፊያ ዙሪያ የመዳብ ሽቦ ጥቅል አለ። ቁልፉ ገብቶ ሲዞር ጥቅሉ አብዛኛውን ጊዜ በ125 ወይም በ134.2 ኪሎ ኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ ያመነጫል። ቺፑ የራሱ ባትሪ የለውም፤ ኃይሉን የሚያገኘው ከዚሁ ሞገድ ነው። ለዚህም ነው የሪሞቱ ባትሪ ያለቀበት ቁልፍ ሞተሩን ማስነሳት የማያቆመው። በር የሚከፍተው ሪሞት በባትሪ የሚሠራ ሌላ ክፍል ሲሆን፣ በብዛት በ315 ወይም በ433 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ ይሠራል። አንድ እጀታ ውስጥ ስላሉ ብቻ ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት የተለመደ ስሕተት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ቺፖች ሲጠየቁ ሁልጊዜ ያንኑ ቁጥር ይመልሱ ነበር። ይህ በር ላይ ቆሞ ስሙን ጮክ ብሎ እንደሚናገር እንግዳ ነው፤ አንዴ የሰማ ሌላ ሰው ነገ መጥቶ ያንኑ ስም ሊጠራ ይችላል። ቀጥለው የመጡት ጥያቄና መልስ ይጠቀማሉ። መኪናው በዘፈቀደ የመረጠውን ቁጥር ይልካል፤ ቺፑ ያንን ቁጥር በውስጡ ካለው ምስጢር ቁጥር ጋር አስልቶ መልሱን ይልካል፤ መኪናውም በበኩሉ አስልቶ ያመሳክራል። ምስጢር ቁጥሩ ራሱ በአየር ላይ አይወጣም፤ የትናንቱ መልስም ለዛሬው ጥያቄ አይሠራም።

መልሱ ካልተስማማ መኪናው ነዳጅ ወይም የእሳት ብልጭታ ይከለክላል። ሞተሪኖው እየዞረ ሞተሩ የማይነሳ፣ ወይም ተነስቶ በሰከንድ ውስጥ የሚጠፋ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ ይባክናል። ብረቱ ብቻ የተቀረጸለት ቁልፍ በሩን ይከፍታል፣ መሪውን ይፈታል፣ ሞተሪኖውንም ሊያዞር ይችላል፤ ስለዚህ ጥርጣሬው ወደ ነዳጅ ፓምፕ ወይም ወደ ካንዴላ ይሄዳል። ማንኛውንም ዕቃ ከመቀየር በፊት ዳሽቦርዱ ላይ የመኪና ወይም የቁልፍ ምስል ያለበትን መብራት ማየት ይበቃል። ቁልፉ በርቶ እያለ መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለቱን ካላቆመ፣ መኪናው ቁልፉን አላወቀውም ማለት ነው።

በብዙ የቶዮታ ቁልፎች የቺፑ ዓይነት ብረቱ ከእጀታው በሚገናኝበት ቦታ ተቀርጾ ይገኛል፦ ነጥብ፣ «ጂ» ወይም «ኤች» የሚለው የላቲን ፊደል። ነጥቡ ባለ 40 ቢት ምስጢር ቁጥር ያለውን፣ «ጂ» ባለ 80 ቢቱን፣ «ኤች» ደግሞ ከዚያ በኋላ የመጣውን ባለ 128 ቢት ያመለክታል። ምንም ምልክት አለመኖሩ ግን ቺፕ የለውም ለማለት ማስረጃ አይሆንም።

ቁልፍ ሲጠፋ

የመጀመሪያው ጥያቄ «ሌላ የሚሠራ ቁልፍ አለ ወይ?» ነው። አንድም ቢሆን ካለ ሥራው ቀላል ነው። ብረቱ ከእርሱ ይቀረጻል፤ ቺፑም ወይ ይገለበጣል፣ ወይ አዲሱ በመኪናው ማስታወሻ ውስጥ ይመዘገባል። በአንዳንድ የቆዩ ቶዮታዎች ዋናው ባለ ጥቁር እጀታ ቁልፍ ሌላ ቁልፍ ማስመዝገብ ሲችል፣ ግራጫው አይችልም። ስለዚህ ሁለቱም ቁልፍ እኩል ነው ብሎ ጥቁሩን ለሌላ ሰው መስጠት አይመከርም።

ሁሉም ቁልፎች ከጠፉ ሥራው ሁለት ይሆናል። ለብረቱ፦ መኪናው አዲስ ሳለ ከቁልፉ ጋር ትንሽ የብረት ሰሌዳ ላይ የተሰጠ የቁልፍ ኮድ ካለ፣ ቁልፉ ሳይታይ በኮዱ ብቻ ይቀረጻል። ያገለገለ መኪና ሲገዛ ሰሌዳው አብሮ የሚመጣው ከስንት አንዴ ስለሆነ፣ ባለሙያው የበሩን መቆለፊያ ፈትቶ በውስጡ ካሉት ትናንሽ ዝርግ ብረቶች ከፍታ የጥርሱን ልክ ያነብባል። ለቺፑ፦ ከመሪው ሥር ባለው የምርመራ መሰኪያ በኩል በልዩ መሣሪያ ከኢሞቢላይዘሩ ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። በአንዳንድ ቶዮታዎች ዳግም ማስጀመሩ 16 ደቂቃ እንዲፈጅ ሆን ተብሎ ተደርጓል፤ ሌባ ያንን ያህል ተረጋግቶ እንዳይቀመጥ ነው። በሌሎች ደግሞ ኮምፒውተሩን ፈትቶ በውስጡ ያለችውን የማስታወሻ ቺፕ በቀጥታ አንብቦ እንደገና መጻፍ የግድ ይሆናል። ይህ ስሱ ሥራ ነው። ጠንቃቃ ባለሙያ ምንም ከመለወጡ በፊት የነበረውን መረጃ ቅጂ ያስቀራል፤ ደንበኛውም ቅጂው መቀመጡን መጠየቅ ይገባዋል።

ጥንቁቅ ባለሙያ ሊብሬና መታወቂያ አይቶ የሻንሲ ቁጥሩን ከመኪናው ጋር ሳያመሳክር ሥራ አይጀምርም። ይህ ማጉላላት ሊመስል ይችላል፤ ሳይጠይቅ የሚሠራው ሰው ግን ለሌባም ሳይጠይቅ እንደሚሠራ ማሰብ ይበጃል። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተደነገገው አስገዳጅ የሦስተኛ ወገን መድን በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት እንጂ ለተሰረቀ መኪና እንደማይከፍልም መታወስ አለበት።

የጠፋውን መሰረዝ

አዲስ ቁልፍ ማስወጣት የጠፋውን አያጠፋውም። ቺፕ ባለው መኪና ባለሙያው አሮጌውን ከማስታወሻው እንዲሰርዘው ማዘዝ ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ያ ቁልፍ በር ከመክፈት በቀር አያስነሳም። ቺፕ በሌለው መኪና ግን መፍትሔው መቆለፊያውን መቀየር ብቻ ነው። ነጥቡ ለባለ ንብረቶች ትልቅ ነው። ሚኒባስ፣ አይሱዙና ባጃጅ ብዙውን ጊዜ የሚነዱት በቅጥር ሹፌር ሲሆን፣ ሹፌር ሲቀየር ቁልፍ መረካከብ እንጂ መቆለፊያ መቀየር አልተለመደም። ከቀድሞዎቹ አንዱ ቁልፉን አስቀርጾ ቢሆን ባለቤቱ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

በደብረ ማርቆስና አካባቢው

ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፣ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የምሥራቅ ጎጃም ከተማ ናት። የከተማዋ ዋነኛ መጓጓዣ የሆነው ባጃጅ ቁልፉ ተራ ብረት ነው፤ ቢጠፋ ከቁልፍ ቀራጭ ወይም ከመለዋወጫ ሱቅ አያልፍም። የቆየ ኮሮላና የቆየ ላንድክሩዘርም እንዲሁ ናቸው።

ቺፕ ያለው መኪና ሲሆን ርቀቱ ራሱ ዋጋ ይሆናል። ቺፕ የሚጽፉ መሣሪያዎችና ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች በብዛት ያሉት አዲስ አበባ ሲሆን፣ ሥራው ደግሞ መኪናው ባለበት መሠራት አለበት። ወይ ባለሙያው የዓባይን በረሃ ተሻግሮ ይመጣል፣ ወይ መኪናው ተጭኖ ይሄዳል። በገመድ መጎተት አያዋጣም፤ ቁልፉ ሲወጣ መሪው ስለሚቆለፍ መኪናው መታጠፍ አይችልም። በጎሃ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለውን ጠመዝማዛ ቁልቁለትና ዳገት የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። አንዳንድ ጊዜ ኮምፒውተሩና መቆለፊያው ብቻ ተፈትተው በአውቶቡስ ይላካሉ፤ ይህ ግን በሁሉም መኪና አይሆንም።

በአዳዲስ መኪኖች ላይ ሌላ ጣጣ አለ። ብዙ አምራቾች ቁልፍ ከመመዝገቡ በፊት መሣሪያው በኢንተርኔት ከኩባንያው ሰርቨር ፈቃድ እንዲያገኝ ያስገድዳሉ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ባለሙያውም መሣሪያውም ቦታው ላይ ቢገኙ ሥራው ሊቆም ይችላል። ስለዚህ በዚህ አካባቢ ሁለተኛ ቁልፍ ማስወጣት ያለበት አንደኛው ሳይጠፋ ነው፤ አዲስ አበባ ለሌላ ጉዳይ የሄደ መኪና ይህን ጨርሶ ቢመለስ ይሻላል።

የምስጠራው ድክመቶች

የቺፕ ቁልፍ ታሪክ ለምስጠራ ተማሪዎች ጥሩ ትምህርት ነው። ኦገስት ኬርክሆፍስ በ1883 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ጽሑፍ የአንድ ሥርዓት ደኅንነት በአሠራሩ መደበቅ ላይ ሳይሆን በቁልፉ ምስጢርነት ላይ ብቻ መመሥረት እንዳለበት አስተምሯል። የመኪና ቺፕ ሠሪዎች ግን ለዓመታት ተቃራኒውን አደረጉ።

ፎርድና ቶዮታን ጨምሮ ብዙ አምራቾች የተጠቀሙበትን የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ባለ 40 ቢት ቺፕ በ2005 (እ.ኤ.አ.) የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲና የአርኤስኤ ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች ሰበሩት። 40 ቢት ማለት 1.1 ትሪሊዮን ያህል አማራጭ ነው፤ እነርሱ 16 የሚፕሮገራሙ ቺፖችን ጎን ለጎን አሠርተው ምስጢር ቁጥሩን ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ አገኙት። በ1980ዎቹ በደቡብ አፍሪካ የተፈለሰፈውና ለሪሞቶች በሰፊው ያገለገለው ኪሎክ በ2008 (እ.ኤ.አ.)፣ ሂታግ 2 በ2012 (እ.ኤ.አ.) ወደቁ። ሜጋሞስ ክሪፕቶ የተባለውን የሰበሩት ተመራማሪዎች ደግሞ በቮልስዋገን ጥያቄ በ2013 (እ.ኤ.አ.) ከእንግሊዝ ፍርድ ቤት እገዳ ደረሰባቸው፤ ጽሑፋቸው የወጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። እገዳው ጽሑፉን አዘገየ እንጂ ቺፑን አላጠነከረም።

ቁልፉን ኪስ ውስጥ ይዞ በመጠጋት ብቻ የሚከፈቱ መኪኖች ላይ ደግሞ ምስጠራውን መስበር እንኳ አያስፈልግም። የዙሪክ ተመራማሪዎች በ2011 (እ.ኤ.አ.) እንዳሳዩት፣ አንድ ሰው ከመኪናው ሌላው ከቁልፉ አጠገብ ሆነው ሞገዱን ቢያቀባብሉ መኪናው ባለቤቱ አጠገቡ የቆመ ይመስለዋል። የሞከሯቸው 10 ሞዴሎች በሙሉ ተታልለዋል። ሌሊት ቁልፉን ክዳኑ በደንብ በሚገጥም የቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ማስቀመጥ ሞገዱን በእጅጉ ያዳክማል፤ ጣሳው ግን መሞከር አለበት፤ ጣሳውን መኪናው አጠገብ ይዞ በሩ ከተከፈተ አይረባም።

የኤሌክትሪክ መኪኖች

መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ በመንገዶቻችን ላይ የኤሌክትሪክ መኪኖች እየበዙ ነው። አብዛኞቹ የሚከፈቱት በሞገድ በሚሠራ ቁልፍ ሲሆን፣ አንዳንዶቹ በካርድ ወይም በስልክም ይከፈታሉ። ከትልቁ ባትሪ ሌላ እነዚህም አነስተኛ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አላቸው፤ በሩን የሚከፍተው ኤሌክትሮኒክስ የሚሠራው በእርሱ ነው። ይህ ባትሪ ከሞተ ዘመናዊው ቁልፍ ቢጫኑት አይመልስም። በብዙዎቹ ቁልፎች ውስጥ ግን ተስቦ የሚወጣ ቀጭን ብረት አለ፤ የሚገባበትም ቀዳዳ በሾፌሩ በር እጀታ አጠገብ፣ አንዳንዴም ከክዳን ሥር ይገኛል።