ንጉሡ ሲጋዝ የተስፋፋው ጥሞና

ዛሬ በየስልኩ «ዓይንህን ጨፍን፣ ትንፋሽህን አድምጥ» የሚል መተግበሪያ ሞልቷል። ጭንቀት ማቅለያ፣ እንቅልፍ ማምጫ እየተባለ ይሸጣል። ይህ ልማድ ከገዳም ወጥቶ ወደ ተራው ሰው ቤት ከገባባቸው በሮች ዋነኛውን የከፈተው ግን ጦርነት ነው።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1885 የእንግሊዝ ጦር የኢራዋዲን ወንዝ ሽቅብ ተከትሎ የበርማን መናገሻ ማንዳላይን ያዘ። ሁለት ሳምንት ገደማ ነው የፈጀበት። ንጉሥ ቲባው ወደ ሕንድ ተጋዘ፤ እዚያው ሞተ። ለበርማውያን የጠፋው ዙፋኑ ብቻ አልነበረም። ገዳማትን የሚደጉመው፣ የመነኮሳቱን አለቃ የሚሾመው ንጉሡ ነበር። እንግሊዞች ደግሞ በሃይማኖት ጣልቃ አንገባም ብለው ያንን ኃላፊነት አልተረከቡም። የቡድሃ ትምህርት ከጊዜ ወደ ጊዜ እየመነመነ ይጠፋል ብሎ ለሚያምን ሕዝብ ይህ ቀላል ድንጋጤ አይደለም።

ሌዲ ሳያዶ የተባለው መነኩሴ (1846–1923) ጠባቂውን ከምእመኑ መካከል ፈለገ። እስከዚያ ድረስ ጥልቅ ጥሞና ከመነኮሳት እንኳ የጥቂቶች ሥራ ነበር፤ ገበሬውና ነጋዴው ምጽዋት ሰጥቶ ሕጉን ካከበረ ይበቃው ነበር። ሌዲ ግን አገር ለአገር እየዞረ አስተማረ፤ ከባዱን ትምህርት ማንም በሚገባው በርማኛ ጻፈ። ጫካ መግባት የግድ አይደለም፤ ትንፋሽንና የሰውነትን ስሜት፣ ሲመጣም ሲሄድም፣ ባሉበት ሆኖ ልብ ማለት ይቻላል። ቤተ መንግሥት ይማረካል፤ በየሰዉ ልብ ያደረን ትምህርት መማረክ ግን ይከብዳል።

ትምህርቱን የተቀባበሉት ሰዎች ማንነት ደግሞ ይገርማል። ከሌዲ ተማሪዎች አንዱ ሳያ ቴትጂ ገበሬ ነበር። የእሱ ተማሪ ኡ ባ ኪን በ1948 የነጻይቱ በርማ ዋና ሂሳብ ሹም ሆነ፤ ለመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞችም ጥሞና ያስተምር ነበር። (መዝገብ ሲመረምር የዋለ ሒሳብ ሠራተኛ ትንፋሹን ሲመረምር ማሰብ ነው!) ጎዬንካ ግን በርማ የተወለደ የሕንድ ተወላጅ ነጋዴ ነው። ከኡ ባ ኪን ዘንድ ያደረሰው መድኃኒት ያልመለሰው የራስ ምታት ነበር። በ1969 ትምህርቱን ሕንድ ወሰደው፤ ከዚያ የምዕራብ ወጣቶች ተቀበሉት። በ1979 ጆን ካባት ዚን በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት፣ ሕመም ለጸናባቸው ታካሚዎች ከዚህም ከዜንም የቀሰመውን፣ ሃይማኖታዊ ቃላቱን አስቀርቶ ማሠልጠን ጀመረ። የስልኩ መተግበሪያ የተከተለው ይህንን ነው።

በዚህ ጉዞ ሕመምተኛው ተጠቅሟል፤ መካድ አይቻልም። የጠፋው «ለማን ሲባል?» የሚለው ጥያቄ ነው። ሌዲ ሰውን ያስቀመጠው የጋራ ነገር እንዳይጠፋ ነበር። መተግበሪያው የሚያስቀምጠው ነገ ቢሮ በደህና እንዲገባ ነው። ጥሞና ሰውን ለግፍ ያለዝባል የሚሉ ተቺዎችም መነሻቸው ይኸው ነው።

በርማ ውስጥ ግን ነገሩ እንዲህ አላበቃም። በሴፕቴምበር 2007 መነኮሳት በሺዎች ሆነው ወታደራዊውን አገዛዝ በመቃወም ያንጎን ጎዳና ወጡ። መፈክር አላሰሙም፤ ለፍጡር ሁሉ ደግነት የሚመኘውን ጸሎት እየደገሙ ነበር የሚሄዱት። ወታደሮቹ ተኮሱ፤ ገዳማትን በሌሊት እየሰበሩ ገቡ።