የነገሌው ጉድጓድ

የ1966ቱ አብዮት ሲነሣ ብዙ ሰው የወሎን ረሀብ፣ የታክሲ ነጂዎችን አድማ፣ የተማሪውንና የመምህሩን እንቅስቃሴ ያስታውሳል። እውነትም ሁሉም የየራሳቸው ድርሻ ነበራቸው። እኔ ግን ያን ዘመን ባሰብኩ ቁጥር ወደ አእምሮዬ የሚመጣው አንድ የውሃ ጉድጓድ ነው።

ጉድጓዱ የነበረው በነገሌ ቦረና ነው። አገሩ ሞቃት፣ ውሃውም ብርቅ ነው። በዚያ የሰፈረው የ4ኛው ብርጌድ ተራ ወታደር ውሃ የሚያገኝበት ፓምፕ ተበላሸ። መኮንኖቹ ግን የራሳቸው ጉድጓድ ነበራቸው። ወታደሮቹ ከዚያ እንቅዳ ብለው ቢጠይቁ ተከለከሉ። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ይባላል፤ የመኮንኖቹ ግን ለራስ ከመቁረስ አልፎ ሌላውን ከማዕድ ማስነሣት ሆነ። በምግቡም በኩል ቅሬታ ነበር። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. ወታደሮቹ ተነሥተው አዛዦቻቸውን አሠሩ።

ንጉሠ ነገሥቱ ነገሩን እንዲያበርዱ የምድር ጦር አዛዡን ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ላኩ። ወታደሮቹ እሳቸውንም ያዟቸው። ከዚያ ያደረጉትን አንባቢ ልብ ይበልልኝ። አልገደሏቸውም፤ ራሳቸው የሚበሉትን አበሏቸው፣ ራሳቸው የሚጠጡትን አጠጧቸው። ለእኔ ከዚህ የበለጠ አቤቱታ የለም። በወረቀት ቢጻፍ ኖሮ መዝገብ ቤት ተኝቶ ይቀር ነበር፤ የቀመሱት ግን አይረሳም።

ስለ ጦር አመራር ሲወራ ብዙውን ጊዜ የወታደሩን ኑሮ ለስንቅና ትጥቅ ክፍል፣ ፍርዱን ደግሞ ለጦር ፍርድ ቤት ለያይተን እንተወዋለን። ነገሌ የሚያስተምረን ግን ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ነው። ፓምፕ ብረት ነውና ይበላሻል፤ ለዚህ የሚወቀስ ላይኖር ይችላል። ጥማቱን ለአንዱ ወገን ብቻ ማደል ግን የሰው ውሳኔ ነው። ውሃውን የከለከለው መኮንን ሳያውቀው ዳኝነት ተቀምጧል፤ ያውም ባለጉዳዩም ዳኛውም ራሱ በሆነበት ችሎት።

ወሬው ከጦር ሰፈር ወደ ጦር ሰፈር ተሻገረ። በየካቲት ወር የደብረ ዘይት አየር ኃይል፣ ከዚያም በአሥመራ የሁለተኛው ክፍለ ጦር ተነሡ። የደመወዝ ጭማሪ ቢታወጅም ነገሩ አልበረደም፤ ምክንያቱም ጥያቄው የብር ብቻ አልነበረም። የካቲት 20 ቀን የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወደቀ። በሰኔ ደርግ ተቋቋመ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

እንግዲህ ከወታደር ብሶት የተወለደ መንግሥት የወታደርን ድምፅ ያደምጣል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። ከአዛዡ ጎን የፖለቲካ ኮሚሳር ተቀመጠ፤ ከግንባር ከሚመጣው እውነት ይልቅ ታማኝ መስሎ የቀረበ ሰው ወሬ ሚዛን ደፋ። በየካቲት 1980 ዓ.ም. የናደው ዕዝ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ ተረሸኑ። በተከታዩ ወር፣ በመጋቢት፣ ያው ዕዝ አፍአበት ላይ ተደመሰሰ። ዕዙን የጣለው የአንድ ሰው ሞት ብቻ ነው አልልም፤ የሻዕቢያም ብርታት፣ የጦርነቱም ርዝመት አለ። ነገር ግን አዛዡ በገዛ መንግሥቱ ሲረሸን ያየ ወታደር፣ በማን ፍርድ ተማምኖ ይዋጋል?

ንጉሡም ደርጉም በጦር መሣሪያ ብዛት ይመኩ ነበር። ነገሌ ላይ የተጓደለው ግን መሣሪያ አልነበረም። የተጓደለው አንድ ባልዲ ውሃና ያንን ውሃ እኩል የሚያካፍል ሰው ነበር። በየትኛውም ዘመን የሚሾም አዛዥ፣ የጦሩን ልብ ለማወቅ ከፈለገ ሪፖርት ከማገላበጡ በፊት አንድ ቀን ወታደሩ ከሚቀዳበት ቀድቶ ይጠጣ።