የአሚባራው ችግኝ፦ የአፋርን ግጦሽ የዋጠውን ዛፍ ማን ተከለው?

በአፋር ምድር በመጋቢትና በሚያዝያ የምትጥለው አጭር ዝናብ ሱጉም ትባላለች። ሱጉም ወቅቷን ጠብቃ ከጣለች በሚሌ ወንዝ ዳርና በአዋሽ ሜዳዎች ሣር ብቅ ይላል፣ ግራሩም ያቆጠቁጣል፤ ከበጋው ሐሩር የተረፈው ከብትም አጥንቱን ይሸፍናል። በእነዚሁ ሳምንታት ግን ከደረቀ እበት ውስጥ ሌላ ቡቃያ ይነሣል። የእጽዋት ባለሙያዎች ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ ይሉታል። አፋሮች የደርግ ዛፍ ብለው ሲጠሩት፣ በብዙ ቦታ ደግሞ ወያኔ ዛፍ በሚለው ስሙ ይታወቃል። ይህ ዛፍ በምግብ ለሥራ ፕሮግራም በሰፊው መተከል ከጀመረበት ከ1978 ዓ.ም. ወዲህ 40 ዓመት ገደማ ሆኖታል። የችግኝ ወቅት በደረሰ ቁጥር ሊነሣ የሚገባው ታሪክም የእሱ ታሪክ ነው።

የታሪኩ ዳራ የሚታወቅ ነው። የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1954 ዓ.ም. ተቋቋመ። በዱብቲ አካባቢ የእንግሊዙ ሚቸል ኮትስ ኩባንያ የተንዳሆን የጥጥ እርሻ አስፋፋ፤ በመካከለኛው አዋሽም የመልካ ወረር የእርሻ ምርምር ጣቢያ ሥራ ጀመረ። ለጥጥ የታረሰው መሬት አፋሩ በደረቁ ወራት ከብቱን የሚያሰማራበት የወንዝ ዳር ግጦሽ ነበር። በዚህ ላይ የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. ድርቅ ተጨመረበት። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የመንግሥት ሆነ፤ የአውሳው ሱልጣን አሊሚራህ ሐንፈሬም በዚያው ዓመት ተሰደዱ። ሰፋፊዎቹ እርሻዎች በመንግሥት እጅ ገቡ፣ የአሚባራ የመስኖ ቦዮችም ተዘረጉ።

ክርክሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ዛፉን ወደ አፋር ያመጣው ማን ነው?

በአካባቢው በስፋት የሚነገረው ትረካ ሁሉን በአንድ የውጭ ዜጋ ላይ ያሳርፋል። በአሚባራ መስኖ ይሠራ የነበረ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ዛፉን በሌላ በረሃማ አገር አይቶት ስለነበር ዘሩ እንዲመጣ አደረገ ይላል። ሁለተኛው ትረካ ወደ ድሬዳዋ ይወስደናል። በ1960ዎቹ በጎሮ ችግኝ ጣቢያ፣ ከህንድ በመጣ ዘር ሳይሆን አይቀርም፣ ዛፉ መፍላቱን የሚጠቅሱ ጥናቶች አሉ። ሦስተኛው ትረካ ከ1978 እስከ 1980 ዓ.ም. በአካፋና በዶማ ችግኝ ይተክል የነበረውን፣ በእህል የሚከፈለውን ሠራተኛ ያስታውሳል።

የመሐንዲሱ ትረካ በሰው አፍ ላይ የቆየው ቀላል ስለሆነ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ከረጢት ዘር፣ አንድ ስሕተት። ነገር ግን የችግኝ ሥራን የሚያውቅ ሰው ይህ ብቻውን እንደማይበቃ ይረዳል። የፕሮሶፒስ ዘር ልባሱ ጠንካራ ነው። በችግኝ ጣቢያ ቶሎ እንዲበቅል ከተፈለገ በሙቅ ውኃ መዘፍዘፍ ወይም መፋቅ አለበት። ከዚያ አፈር በተሞላ ፕላስቲክ ይዘራል፣ ጥላ ይሠራለታል፣ ውኃ ይጠጣል፣ ጠንክሮ ሲቆም ወደ ተዘጋጀለት ጉድጓድ ይወሰዳል። በቦይ ዳር፣ በእርሻ ዙሪያና በሠራተኛ መኖሪያዎች አካባቢ ለዓመታት ለመትከል ችግኝ ጣቢያ፣ በጀት፣ የጉልበት ሠራተኛና ፈቃድ ያስፈልጋል። እነዚህን ሁሉ በእጁ የያዘው የመንግሥት እርሻ ነበር።

እርሻው ዛፉን ለመትከል ምክንያት ነበረው። የአሚባራ ነፋስ ጥጡን በአቧራ ይመታል፣ አፈሩ በመስኖ ውኃ ጨው ያወጣል፣ ከደጋ ለለቀማ የሚወርደው ሠራተኛ ማገዶና ጥላ ይሻል። ፕሮሶፒስ ጨውን ይችላል፣ ድርቅን ይቋቋማል፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ጥላ ይሆናል። በዚያን ጊዜ በነበረው እውቀት ምርጫው ሞኝነት አልነበረም። እንግሊዛውያን በ1877 እ.ኤ.አ. ወደ ህንድ፣ በ1917 እ.ኤ.አ. ደግሞ ወደ ሱዳን ያስገቡት በተመሳሳይ ተስፋ ነው። ኬንያም በባሪንጎ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ለማገዶና ለመኖ ብላ አስተክላዋለች። የባሪንጎ አርብቶ አደሮች በ2006 እ.ኤ.አ. በዚሁ ዛፍ የተነሣ መንግሥትን ሲከሱ፣ ፍሬውን በመብላት ጥርሷ ያለቀ ፍየል ይዘው ናይሮቢ ፍርድ ቤት ቀረቡ።

ጥፋቱ ያለው ከተከላው በኋላ ነው። በችግኝ ጣቢያ ውስጥ ቀን ከሌት የተጠበቀው ተክል መስክ ሲወጣ ጠባቂ አልነበረውም። ቅርንጫፉን የሚገርዝ፣ ፍሬው ሳይበስል የሚለቅም፣ ከብት እንዳይደርስበት የሚያጥር አልተመደበም። ከሁሉም በላይ ዛፉ በሚተከልበት ግጦሽ የሚኖረውን አፋር የጠየቀው የለም። አፋር ዛፍ ያውቃል። ገርሳን በክፉ ቀን ፍሬው ለሰው እንደሚደርስ፣ ዐዳይቶን ለጥርስ መፋቂያ፣ ዑንጋን ለሰሌን፣ የግራርን ፍሬ ለፍየል ያውቃቸዋል። ፍሬው ጣፋጭ የሆነ ዛፍ በግመልና በፍየል ሆድ ወዴት እንደሚጓዝ አስቀድሞ መናገር የሚችል ሕዝብ ነበር።

ዛፉ የተጓዘውም በዚሁ መንገድ ነው። ዘሩ በከብት ሆድ ሳይፈጭ ያልፍና ከእበቱ ጋር እርጥበት ባለው ቦታ ይወድቃል። የአዋሽ ጎርፍ ፍሬውን እየገፋ ከአሚባራ ወደ ገዋኔ፣ ከዚያም ወደ ታችኛው ተፋሰስ አወረደው። የሚሌ ከተማም የጅቡቲ መንገድ ኬላ፣ የባቲ መንገድ መገናኛና የቁም እንስሳት መተላለፊያ በመሆኗ መንጋ ከየአቅጣጫው ይደርስባታል። እንዲህ እያለ ዓመታት አለፉ፣ ሜዳው ጫካ ሆነ።

ውጤቱ ተለክቷል። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው በ35 ዓመታት ገደማ ውስጥ ፕሮሶፒስ በአፋር ክልል 1.17 ሚሊዮን ሄክታር ወርሯል፤ ይህም ከክልሉ ስፋት 12 በመቶ በላይ ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ የወጣ ሌላ ጥናት ዛፉ በክልሉ በየዓመቱ ከ3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውኃ እንደሚጠቀም ገመተ። ሣር በሥሩ አይበቅልም፣ እሾሁ የከብት ሰኮናና የመኪና ጎማ ይወጋል፣ ወደ ወንዝ የሚወስደውን መንገድ ይዘጋል።

መከላከያው እንደገና ወደ ተክል እንክብካቤ ይመልሰናል። ዛፉን ከመሬት በላይ መቁረጥ ከጉቶው የሚወጣውን ቡቃያ ያበዛዋል፤ ከአፈር በታች፣ እንቡጥ ከሚያወጣው የግንዱ ክፍል ዝቅ ብሎ መቆረጥ አለበት። ፍሬውን ለቅሞ መፍጨት ዘሩን ያጠፋዋል፣ ዱቄቱም መኖ ይሆናል። የጸዳው መሬት ባዶውን ካደረ ዛፉ ይመለሳል፤ በሣር ወይም በሰብል ከተያዘ ግን ይቀራል። በአሚባራ ከዛፉ በጸዳ መሬት ላይ የተዘራው የመስኖ ስንዴ ለዚህ ምስክር ነው። ከሁሉ የሚቀለው ደግሞ ቡቃያውን በመጀመሪያው ወቅት፣ ሥሩ ሳይጠልቅ፣ በእጅ መንቀል ነው።

በ2009 ዓ.ም. አገሪቱ ስለ ፕሮሶፒስ ብሔራዊ ስትራቴጂ አውጥታለች። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው አረንጓዴ አሻራም በየክረምቱ ሚሊዮኖችን ለተከላ ያስወጣል። በአዲስ አበባ 705 ሄክታር የያዘው የጉለሌ እጽዋት ማዕከል አገር በቀል ዝርያዎችን ሰብስቦ ይንከባከባል። የቆላው ምድርም ተመሳሳይ ቦታ ይገባዋል፤ ገርሳና ዐዳይቶ፣ ግራርና ዑንጋ የሚፈሉበት፣ አርብቶ አደሩ ራሱ የሚመክርበት ችግኝ ጣቢያ በሚሌ ወይም በሰመራ ቢቋቋም የአሚባራ ትምህርት ፍሬ አገኘ ማለት ነው። በየዓመቱ ስንት ችግኝ ተተከለ ብለን እንደምንቆጥር ሁሉ፣ ማን ይንከባከበዋል፣ የአካባቢው ሰውስ ምን አለ ብለን እንጠይቅ። በመጪው ሱጉምም ከመትከያው ጉድጓድ በፊት ለነቀላው ሰው ይመደብ።